ከሦስቱ አለቃው የቱ ነው?

ክፍሉ ውስጥ ሲያስገቡን መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ ሰው ጀርባውን በሚያስደግፍበት ልክ ተልጦ አልቋል። ከላይ በወንፊት ሽቦ የተዘጋች አንዲት መስኮት አለች። ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ስኳር ቢገባበት ሻይ ነው የሚባለው። ሰኔ ነበር። የጅቡቲን ሰኔ የማያውቅ ሰው ሙቀት አውቃለሁ ባይለኝ ደስ ይለኛል።

የገባነው ሦስት ሴቶች ነን። ቁጥሩን ያዙልኝ፤ ኋላ በሱ የተነሳ የምናደድበት ነገር አለ።

እኔ ለኢትዮጵያ ነጋዴዎች ዕቃ ከወደብ በሚያስለቅቅ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ሁለተኛዋ ካርቲየ 3 በሚባለው የከተማው ሰፈር ጨርቅ የምትሸጥ፣ ትውልዷ ድሬዳዋ የሆነ፣ ጠና ያለች ሙስሊም ሴት ናት። ሰፈሩ ሁሉ አዴ ነው የሚላት። እኔ መጀመሪያ አካባቢ አንቱ ስላት «አንቱ አትበይኝ፤ አታስረጂኝ» ብላ ስለተቆጣችኝ፣ በድሬዎች ወግ አንቺ እላታለሁ። ሦስተኛዋ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ የነበረች፣ አገር ቤት ልጅ ያላት ሴት ነች። ከአሠሪዎቿ ቤት ጠፍታ ዋራበሌ ሰፈር ተደብቃ ስለምትኖር ሁላችንም የዋራበሌዋ እንላታለን። ክንዷ ላይ የካውያ ጫፍ ቅርጽ ያለው ጠባሳ አለ። ስለሱ ጠይቄያት አላውቅም፤ ቅርጹ ራሱ ይናገራል።

ያሰባሰበን የሥላሴ ማኅበር ነው። የምንጠጣው የአዴ ቤት ጓሮ ካለችው ክፍል ውስጥ ነው። ማኅበርተኞቹ ሰው ቤት የሚያድሩ ሠራተኞች ስለሆኑ የሚወጡት ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ወር በገባ በሰባት የሚውለውን ሥላሴ ወደ ቅርቡ ዓርብ አዛወርነው። ዓርብ ደግሞ ጾም ነውና ድግሳችን ምስርና ሽሮ ሆነ። ቤቱ የሙስሊም ቤት ስለሆነ ጠላ የሚባል ነገር አይገባም፤ ጽዋው ውስጥ የምናደርገው በውሃ የተበጠበጠ ቀይ ሽሮፕ ነው። አገር ቤት ያለ ቄስ ቢያየን ምን ይል እንደነበር እንጃ። ለነዚያ ሴቶች ግን በወር አንዴ በስማቸው የሚጠሩበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር።

ግድግዳው ላይ የሥላሴን ስዕል እንሰቅላለን። የምታውቁት ነው፤ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንድ ዓይነት ነጭ ፂም፣ አንድ ዓይነት ፊት፣ እጃቸው እኩል ተነስቶ። ስንጨርስ አውርደን ለአዴ እንሰጣታለን፤ እሷም በድሪያ ጨርቅ ጠቅልላ ከጣቃዎቿ ኋላ ታኖረዋለች። «ሽማግሌዎቻችሁን አምጡ፣ ልሸፍናቸው» ትለናለች። ስታሾፍ ነው፤ ግን ስዕሉ አንድ ቀን አቧራ ነክቶት አያውቅም።

አንድ ዓርብ ከጽዋው በኋላ ጨዋታው ፓስፖርት ላይ ወደቀ። የአብዛኞቹ ፓስፖርት አሠሪዎቻቸው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ተነጋገርንና ተያይዘን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ሄደን ተቀመጥን። መፈክር የለም፣ ጩኸት የለም። የዋራበሌዋ ፊቷን በነጠላ ጠምጥማ ደረጃው ላይ ቆመችና «ፓስፖርታችንን መልሱልን፤ ሌላ የምንፈልገው የለም» አለች። ያችን ያህል ነው የተናገረችው። በሚቀጥለው ማኅበር ሽሮው ሳይቀርብ ፖሊሶች በሩን ገፍተው ገቡና ፈቃድ የሌለው የፖለቲካ ድርጅት አደረጉን።

ሌሎቹን ሴቶች አሠሪዎቻቸው እየመጡ ልክ እንደ ወደብ ዕቃ እየፈረሙ ወሰዷቸው። የእኔ ቢሮ እጁን ሰበሰበ፤ ያኔ የሚፈርምልን ያጣነው እኛ ሦስታችን ቀረን። የዋራበሌዋ «የአዴ ሱቅ ረዳት ነኝ» አለች፤ አዴም አላስተባበለቻትም። ደረጃው ላይ የተናገረችው እሷ መሆኗን ያወቁ እንደሆነ መመለሻዋ ወደዚያ ቤት ነው። አሠሪዋ ትልቅ ሰው ነው፤ «ወርቅ ሰርቃኝ ጠፋች» ብሎ እያስፈለጋት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስንቀመጥ ሦስታችንም ይህን እናውቃለን፤ ስለዚህ ማንም አላነሳውም።

በማግስቱ ጠዋት እኔን ጠሩኝ። የሚመረምረን መኮንን ቢሮ ኤርኮንዲሽነር አለው። ከዚያ ከእቶን ወጥቶ እዚያ ብርድ ውስጥ የገባ ሰው ብዙ ማውራት ያምረዋል፤ ወሬው ሲያልቅ እንደሚመልሱት ያውቃላ። ይህን ያሰበው ሰው ማን ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

ስዕላችን ወንበር ላይ ተቀምጧል። እሱም ታስሯል።

መኮንኑ በፈረንሳይኛ ነበር የሚያናግረኝ። «ይህ ሃይማኖት ነው ልትይኝ ነው» አለ።

«ሃይማኖት ስለሆነ ነዋ።»

«እኔ መነኮሳት ያስተማሩኝ ሰው ነኝ፤ ሞኝ አታድርጊኝ። ሥላሴ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንዱ ነው፤ ጭምብል እየቀያየረ ይመጣል። ሲያሻው አባት፣ ሲያሻው ልጅ፣ ሲያሻው መንፈስ። እናንተም እንደዚያው ናችሁ። አንዷ ጸሐፊ፣ አንዷ ቤት አከራይ፣ አንዷ ሱቅ ረዳት ሆናችሁ ተቀምጣችኋል። ከኋላችሁ ግን አንድ ሰው አለ።»

«ከኋላችን ማንም የለም። ያሉት ነገር ደግሞ ሥላሴ አይደለም።»

ተነስቶ ወደ ስዕሉ ሄደ። ጣቱን ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት እያሻገረ መስተዋቱን መታ መታ አደረገው። «ከሦስቱ አለቃው የቱ ነው?»

«አለቃ የላቸውም።»

«አለቃ የሌለው ነገር የለም» አለ፣ ተመልሶ እየተቀመጠ። «ደረጃው ላይ የተናገረችውን ሴት ስም ስጪኝ። አንድ ስም። ሌሎቻችሁ ዛሬውኑ ቤታችሁ ገብታችሁ ትታጠባላችሁ።»

በመታሰሬ ተናድጄ ነበር፤ በዚህ ደግሞ ባሰብኝ። ሰውየው የሴቲቱን ስም ቢፈልግ ሥራው ነው እንበል። እኔ የማምነውን ነገር ለእኔው አጣሞ እየነገረ፣ ያጣመመውን ማስረጃ ማድረጉ ግን ጥርሴን አስፋጨኝ። «አላውቃትም» አልኩትና ወደ እቶኑ ተመለስኩ።

ቀጥሎ አዴን ወሰዷት። ስትመለስ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል። እኔ ላይ ነበር የመጣችው።

«ወላሂ፣ በናንተ ጣጣ ሱቄን አሸጉብኝ! ሦስት አምላክ ታመልኩና ለሦስቱም እኔ ልታሰር? አንድ አላህ መቼ አነሳችሁ?»

«ማን ነው ሦስት አምላክ የሚያመልከው?»

«እናንተ! አላህ፣ ማርያም፣ ልጃቸው ዒሳ። ይሄን የማያውቅ አለ?»

«ማርያም የለችበትም!» ብዬ ጮህኩ። በረንዳው ላይ ያለው ዘበኛ በሩን በእርግጫ ደበደበው። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ ንዴቴን ግን አልቻልኩም። «ማርያም ሰው ነች። እናከብራታለን፣ እንለምናታለን፤ ሥላሴ ውስጥ ግን የለችም። እግዚአብሔርም ሚስት የለው፣ እንደ ሰው አልወለደም። ይሄን የሚል ክርስቲያን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አዴ ደነገጠች። ከልቧ ነው የደነገጠችው። «የለችበትም? ታዲያ ሦስተኛው ማን ሆነና?»

«መንፈስ ቅዱስ።»

«እሱ ጂብሪል አይደለም እንዴ?»

«አይደለም! ገብርኤል መልአክ ነው፣ ፍጡር ነው።»

«ይገርማል» አለች። «ስንት ዓመት ቤቴ ስትመጡ ማርያም መስላኝ… ከሽማግሌዎቹ ሴቷ የትኛዋ ናት እያልኩ ነበር ሳየው የኖርኩት።»

የዋራበሌዋ ፍርስ ብላ ሳቀች። ከገባን ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ ለአፍታ እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ ልታስረዳ ተነሳች። «አዴ፣ እንደ ውሃ እኮ ነው። ውሃ አለ፣ በረዶ ይሆናል፣ እንፋሎት ይሆናል። አንድ ነው፣ ሦስት ነው።»

አዴ አሰበችበት። ነጋዴ ናት፤ ጨርቅ በሁለት ጣቷ አሻሽታ ነው የምትገዛው። «በረዶ የሆነው ውሃ፣ ያኔ ውሃ ነው?»

«አይ፣ በረዶ ነው።»

«ታዲያ ልጅ ሲሆን አባትየው የት ሄደ? ወደ ማን ነበር የሚጸልየው ዒሳ? ወደ ራሱ?»

የዋራበሌዋ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ምን ልበል? አዴ ልክ ናት። ያው የመኮንኑ ጭምብል ነው፤ ውሃ ሆኖ መጣ እንጂ። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ይህን ውሃና በረዶ ለስንቱ እንዳስተማሩ ሳስበው ይበግነኛል። ሰው ሃይማኖቱን እንዲይዝ ብለው ሌላ ያስይዙታል። ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ መሪጌታ ነበሩን፤ ሥላሴን በእንቁላል የሚመስል ልጅ ከተነሳ ያስወጡታል። «ቅርፊቱ ብቻውን እንቁላል ነው ወይ? እግዚአብሔር ተከፋፍሎ ሢሶ ሢሶ ነው ወይ?» ይሉ ነበር። ፀሐይን ግን ይፈቅዱልናል፤ ክበቡ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ። እሷንም ቢሆን ትንሽ አሳይታ የምትጠልቅ ነገር ናት ብለው ነው።

ፀሐይን ለአዴ ልነግራት ጀመርኩ።

«እዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ፀሐይ ያወራሽልኝ እንደሆነ አንቄ ነው የምገድልሽ» አለችኝ።

ተውኩት። ምሳሌውን ሁሉ ተውኩትና የተማርኩትን ደረቁን ነገርኳት። አብ ወልድን አይደለም፤ ወልድም መንፈስ ቅዱስን አይደለም። በአካል ሦስት ናቸው። አንዱ አንዱን አይቀድምም፣ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም፣ አንዱ ለሌላው አለቃ አይደለም። አምላክ ግን አንድ ነው፤ ባሕርዩ አንድ፣ ፈቃዱ አንድ፣ ሥልጣኑ አንድ። ሦስት አማልክት የሚል እኛም ዘንድ የተወገዘ ነው።

ጀሪካኑን አነሳችና ጠጣች። ፊቷን አጨማደደች፤ ውሃው ይሁን እኔ፣ አላወቅሁም። «ይሄ አይገባኝም» አለች።

«እኔም አልጨረስኩትም።»

«ካልጨረስሽው ምን ያስጮህሻል ታዲያ?»

«ያላልኩትን ብለሻል ሲሉኝ ነው የምጮኸው። ካልተስማማሽ አልስማማም በይኝ፤ መብትሽ ነው። እኔ የማላምነውን ሠርታችሁ፣ አምነሻል ብላችሁ፣ በሱ አትፍረዱብኝ።»

ጀሪካኑን ወደ ጥጉ መለሰችው። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገረች። «እኛንም እንደሱ ያደርጉናል። ጥቁር ድንጋይ ያመልካሉ ይሉናል።» ቀጥላም ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «ያ ሰውዬ ምን አለኝ መሰለሽ? አንድ ስም ከሰጠሽ ሱቅሽን ዛሬ እከፍትልሻለሁ አለኝ» አለች። ይህን ስትናገር የዋራበሌዋን አላየቻትም። የዋራበሌዋ የክንዷን ጠባሳ በሌላው እጇ ሸፈነችው።

እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን አዴን አላመንኳትም። ሱቁ ውስጥ ያለው ጨርቅ የዕድሜዋ ሥራ ነው። ዘመዶቿ ከድሬዳዋ የሚልኩት፣ ከየመን የሚመጣው፣ ሁሉም እዚያ ነው። እኛ ደግሞ ሃይማኖቷ ያልሆንን፣ ጓሮዋን የምንከራይ ሰዎች ነን። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ብዬ አሰብኩና ሐሳቡን ሳልጨርሰው ተውኩት።

በማግስቱ ሦስታችንንም ባንድ ላይ ጠሩን። መኮንኑ ስዕሉን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞታል፤ የሻይ ብርጭቆውን ጠርዙ ላይ አስቀምጦበታል። የብርጭቆው ላብ በመስተዋቱ ላይ ክብ ሠርቶ ነበር። ብርጭቆውን አንስቼ ግድግዳው ላይ ብሰባብረው ምን ያደርጉኛል ብዬ አስላሁ፤ ቀስ ብዬ እጄን ከኋላዬ ያዝኩት።

አዴን በሶማሊኛ ነበር ያነጋገራት። የእኔ ሶማሊኛ የገበያ ነው፤ ቢሆንም የሚበቃኝን ያህል ሰማሁ።

«እናቴ፣ አንቺ ሙስሊም ነሽ» አላት። «እነዚህ ሰዎች በቤትሽ ምን እንደሚያደርጉ አንቺው ንገሪኝ። አንድ አለቃ አላቸው፤ በሦስት ስም ይሸፍኑታል። ማነው?»

አዴ መጀመሪያ ብርጭቆውን ከስዕሉ ላይ አነሳችና ወረቀቶቹ ላይ አስቀመጠችው። ማንም አልከለከላትም። በሻርፗ ጫፍ ውሃውን ጠረገች።

«እኔ በዚህ አላምንም» አለች። «አስተግፊሩላህ! አላህ አንድ ነው፤ በዚህ ኖሬያለሁ፣ በዚህ እሞታለሁ። ግን ምን እንደሚሉ ጠይቄያቸዋለሁ። አንዱ ጭምብል እየቀያየረ ነው አይሉም፤ እሱን ያልከው አንተ ነህ። ሦስት አምላክ ነው፣ ማርያም አለችበት አይሉም፤ እሱን ስል የነበርኩት እኔ ነኝ። ከሦስቱ የሚበልጥ የለም ነው የሚሉት። አይገባኝም። ግን የሚሉት ይሄን ነው፤ እኔ የሰው ቃል አላጣምም።»

«ስለ ሃይማኖት አይደለም የጠየቅሁሽ።»

«ስለሱ ነው የጠየቅከኝ። አለቃው የቱ ነው አልክ። ማኅበራቸው አለቃ የለውም። ክፍሏ ግን ባለቤት አላት። እኔ ነኝ። አለቃ ካስፈለገህ የኔን ስም ጻፍ።»

ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ነገረችው። ቀስ እያለች፣ እንዲጽፍ እየጠበቀችው።

አልጻፈም። የሚፈልገው የሚፈርምላት የሌላትን ሴት ነበር። የካርቲየ 3 ነጋዴ ቤተሰብ፣ ግማሽ ገበያ የሚያውቃት ሴት ስም ለሱ ምንም አያደርግለትም። ብዕሩን እንደያዘ በሌላ እጁ ውጡ አለን። እኔ ግን ብዕሩን ማየቴን አልተውኩም፤ እንደዚያ ባዶውን የቀረ ሰው አይቼ አላውቅም።

ወዲያው አልተፈታንም። አዋረዱን፣ አንገላቱን፣ የአዴ እግር እስኪያብጥ ድረስ አቆዩን። በመጨረሻ የአዴ ዘመዶች መጥተው ለሦስታችንም ዋስ ሆኑ፤ ለሱቅ ረዳቷም ጭምር። በሩ ላይ ዘበኛው ሂዱ ሲለን አዴ ቆመች።

«ስዕሉስ?» አለችው።

«የምን ስዕል?»

«ከቤቴ የወሰዳችሁት። የእንግዳ ዕቃ ነው። እሱን ሳልይዝ አልሄድም።»

ባበጠው እግሯ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ዘመዶቿ ለመኗት፣ ተቆጧት፤ ወይ ፍንክች። ዘበኞቹ ቢቸግራቸው ስዕሉን አመጡላት። አንገቷ ላይ የነበረውን ሻርፕ ፈትታ ጠቀለለችውና በብብቷ ይዛው ወጣች።

የዋራበሌዋ በዚያው ሳምንት በጭነት መኪና አገሯ ገባች። ፓስፖርቷ እስከ ዛሬ እዚያው አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ነው። አንዳንዴ ትደውልልኛለች፤ ልጇ አጠገቧ ሲያወራ እሰማለሁ። የጠየቅነው ትክክል ነበር፤ የመለሰልን ግን የለም። ይህ ሁሉ ጊዜ አልፎም ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ይብረድልሽ የሚሉኝንም አልወዳቸውም።

ከተፈታን በኋላ አንድ እንግዳ ሰባኪ መጥቶ ስለ እኛ ሰምቶ ኖሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሕዝብ ፊት «ሦስት ሴቶች፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ልብ! ሕያው የሥላሴ ምሳሌ!» አለ። እልልታው ቀለጠ። ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። «አይደለንም» አልኩት። «ሦስት ሰው አንድ ክፍል ስለገባ ሥላሴ አይባልም። ሦስት ሰው ሦስት ሰው ነው። ደግሞም አንድ ልብ አልነበርንም፤ ያዳነችን የማትስማማዋ ናት።» ሰባኪው ሰላምሽ ይብዛ ብሎ አለፈኝ። እኔን ጎትተው አስቀመጡኝ።

ማኅበሩን ትተን ትንሽ ቆየንና እንደገና ጀመርነው። ያው ክፍል፣ ያው ዓርብ፣ ያው ቀይ ሽሮፕ። ባለፈው አዲስ የገባች አንዲት ሴት አጠገቧ ላለችው ሥላሴን ስታስረዳ ሰማኋት። «እንደ ውሃና በረዶ በይው» ትላለች። ልቆጣ አፌን ስከፍት አዴ ያንን የድሪያ ጨርቋን በእጇ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ስዕሉን ልትወስድ መጥታ።

«እንደሱ አይሉም» አለቻት። «ልጅ ሲሆን አባቱ የት ሄደ? እንደሱ አይደለም የሚሉት፤ ጠይቂያት።» በአገጭዋ ወደ እኔ ጠቆመቻት። ከዚያ ሦስቱን ሽማግሌዎች ከግድግዳው አውርዳ ጠቀለለችና ልትሰግድ ወደ ቤቷ ገባች።